መርዶ ያልገባበት ቤት

ግንቦት 4 ቀን 2017፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ደላላው ጃራ ስላዘዘኝ ነው። «እናቴ፣ ቤቱን ማን መቼ እንዳየው፣ ምን እንዳለ፣ ስልኩን ጭምር ይጻፉት፤ ኋላ ገዢና ገዢ ይምታታብዎታል» አለኝ። ቤቱ ለሽያጭ ከወጣ አራት ወር ሞላው፤ የሚምታታ ገዢ ግን እስካሁን አላየሁም። ወረቀቱ ባዶውን ከሚቀር የራሴን ጣጣ ልሙላበት ብዬ ይኸው ጀመርኩ።

እውነቱን ለመናገር ቤታችን የሚናቅ አይደለም። ሁለት መቶ ካሬ፣ ሦስት መኝታ፣ ካርታ ያለው፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣለት። ቡራዩ ላይ ሁለት ቀን ውኃ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎረቤትም አለን፤ ብርሃነሽ ብቻዋን አንድ ሰፈር ናት። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተፋታ፣ የማን በግ ማን ጓሮ እንደገባ እሷ ዘንድ ሳይመዘገብ አያድርም። ጣጣው ሽቅቡ ነው። ከአምቦ መንገድ እኛ በር እስኪደረስ አሥራ አምስት ደቂቃ ወደ ላይ። ጤነኛ ሰው ምንም አይለውም። የኔው ባል ተክሉ ግን ከበራችን ባጃጁ እስከሚቆምበት ድረስ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶብስ የነዳ ሰው።

ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለእጥበት አዲስ አበባ እወስደዋለሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተን፣ በባጃጅ ወርደን፣ በታክሲ ተጋፍተን ነው የምንደርሰው። ስንመለስ እንደተጨመቀ ጨርቅ ነው። ባለፈው ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ጠራኝና፣ ሆስፒታሉ አካባቢ ካልገባችሁ ይሄ መንገድ ከበሽታው ቀድሞ ይጨርሰዋል አለኝ። ክረምት ሳይገባ፣ አለ። ቤቱን ሸጠን ከሆስፒታሉ ጀርባ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም እንገዛለን። ሌላ ምኞት የለኝም። ኑሮዬ በሙሉ እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገባልኝ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ዛሬ ሰው መጣ! መኪያ የምትባል ልጅና ባሏ አብዱልከሪም። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ኪራይ መሮአቸዋል። መኪያ ኩሽናዬ መሀል ቆማ «ፍሪጁ እዚህ ጋ፣ የልጆቹ ጠረጴዛ እዛ ጋ» ስትል ሰማኋት። ሴት በሰው ኩሽና የራሷን ዕቃ መደርደር ከጀመረች ነገሩ አልቋል።

አብዱልከሪም በረንዳው ላይ ከተክሉ ጋር ተቀመጠ። ካርታውን አገላብጦ አየና እዚህ አገር ካርታ ያየ ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀውን ጠየቀ፤ መሬቱን ማን ሸጠላችሁ? አይፈረድበትም። አንድ መሬት ለሦስት ሰው የተሸጠበት አካባቢ ነው፤ ወረቀት ያሳየ ሁሉ አይታመንም፤ የገበሬው ቤተሰብ «አዎ፣ የእነሱ ነው» ካላለ ማንም ብር አያወጣም። ተክሉ ይህ ጥያቄ ሲመጣ ፊቱ ይበራል። «ኦቦ ኢተፋ ናቸው፤ አባቴ ማለት ናቸው» አለው። «አሁን ሱሉልታ ልጃቸው ኡርጂ ጋ ናቸው እንጂ እዚህ ቢሆኑ አገናኝህ ነበር። ልጃቸው ዲሪርሳ ግን እዚሁ ታች ነው፣ ወፍጮ ቤቱ። ሂድና ጠይቀው።»

እኔ ሻዩ ገነፈለብኝ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሻይ አልጣድኩም ነበር።

ነገ እንደውላለን ብለው ሄዱ። መኪያ ስማኝ ነው የወጣችው።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

እጥበት። ከጠዋት እስከ ማታ። አልደወሉም። አራት ቀን።

ሰው ማሰብ አለበት እኮ፤ ቤት እንደ ሽንኩርት አይገዛም።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

አልደወሉም፤ እኔ ስደውል አይነሳም። ጃራን ጠርቼ ምን ጎድሎ ነው አልኩት። ልጁ ለምክር ሰነፍ አይደለም። ግቢውን ዞሮ ዞሮ የሚከተለውን አለ። በሩ ላይ የሰቀልኩት «የሚሸጥ ቤት» የሚለው ቆርቆሮ ይውረድ፤ አራት ወር የተሰቀለ ማስታወቂያ ለአላፊ አግዳሚው «ይሄ ቤት አንዳች ነገር አለው» ከማለት ሌላ የሚለው የለም። ሳሎኑ ቀለም ይቀባ፤ ነጭ፤ የኔ ሮዝ ሰውን ያስደነግጣል አለ (አሥር ዓመት ማንም አልደነገጠበትም)። የአማቴ ፎቶ ይውረድ፤ ገዢ የሌላ ሰው ሙት እያየ የራሱን ኑሮ ማሰብ አይችልም። መድኃኒቱ፣ የተክሉ ዱላ፣ ክብደት መለኪያው ከሳሎን ይነሱ። የቤቱ ፎቶ በፀሐይ እንደገና ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይውጣ። ዋጋውም ትንሽ ይውረድ።

ሁሉንም እሺ አልኩ። ቀለሙን ከብርሃነሽ ጋር ራሳችን ቀባነው። እስከ ማታ ድረስ ስንስቅ ዋልን፤ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ የሰማንያ ዓመት ባልቴት መሰለች። በመሀል «ሐንዬ፣ ቀለሙ አይመስለኝም እኮ ችግሩ» አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ማታ ተክሉ ነጩን ግድግዳ ሲያይ «ሆስፒታል አመጣሽልኝ እንዴ ሐኒ?» አለ። ሳቅን።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ሌላ ሰው መጣ፤ ሊቤ ይባላል፤ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ የውኃ ታንከሩን አንኳኳ፣ የገላ መታጠቢያውን ፍሳሽ በእጁ ፈተነ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚገዛ። ከዚያ በረንዳ። ከዚያ ካርታው። ከዚያ «ማን ሸጠላችሁ?» ከዚያ ተክሉ፤ ኦቦ ኢተፋ፣ ሱሉልታ፣ ኡርጂ፣ ዲሪርሳ። ቃል አልጨመረም፣ ቃል አልቀነሰም።

ሊቤ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲወርድ ከአጥር ሥር ቆሜ አየሁት። አልተመለሰም።

ብርሃነሽ ዛሬም ተቆጣችኝ። ከታክሲ ስወርድ በወፍጮ ቤቱ በኩል ያለውን አቋራጭ ትቼ ለምን በትምህርት ቤቱ እንደምዞር ጠየቀችኝ። ጭቃ ነው አልኳት። «ገና ዝናብ ሳይጥል?» አለች።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ተክሉ ተኝቷል። ዛሬ መጻፍ ያለብኝን ልጻፍ፤ ማንም አያነበውም።

ጃራ ከሰዓት ደውሎ ነበር። ድምፁ እንደ ወትሮው አይደለም፣ እናቴም አላለኝም። ሊቤን አግኝቶት ምን እንዳለው ነገረኝ። «የሞተ ሰው ሱሉልታ የሚያኖሩ ሰዎች ካርታውንስ ምን እንዳደረጉት ማን ያውቃል?»

ኦቦ ኢተፋ ከሞቱ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆናቸው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

እኚህ ሰው መሬት ሸጠውልን ዞር ያሉ አይነት አልነበሩም። ቤቱ ሲሠራ ሲሚንቶአችንን በጋቢያቸው ተጠቅልለው የጠበቁልን እሳቸው ናቸው። ልጅ የለንም፤ እሳቸው ተክሉን «ልጄ» ይሉት ነበር፤ እሱም «አባኮ»፣ አባቴ፣ ይላቸዋል። ዓርብ ዓርብ መጥተው በረንዳው ላይ እስከ ምሽት በኦሮምኛ ያወጋሉ፤ እኔ ግማሹ ይገባኛል፤ ግማሹን ከሳቃቸው እገምታለሁ።

ጥቅምት 2016 ላይ ተክሉ ወድቆ ሆስፒታል በገባ በዘጠነኛው ቀን እሳቸው አረፉ። ሐኪሙ ግፊቱ አልተረጋጋም፣ ድንጋጤ እንዳይነካው ብሏል። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሰፈሩም ሁሉ «ትንሽ ይሻለው» አለ። ወደ ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው እሳቸውን ነው። ሱሉልታ ኡርጂ ጋ ሄደዋል፣ እግራቸውን አሟቸው እዚያው ይቆያሉ አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ስልክ አልነበራቸውም፤ ውሸቱ በቀላሉ ቆመ።

እስከዚህ ማንም አይፈርድብኝም። የሚፈረድብኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እኔ ራሴ ለቅሶ አልደረስኩም። ጥቁር ለብሼ ብወጣ ያውቅብኛል አልኩ። ብርሃነሽ «እኔ ቤት መጥተሽ ቀይሪ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን እሄዳለሁ አልኩ፤ ማክሰኞ ሆነ፣ እጥበት። በአርባው እሄዳለሁ አልኩ። አርባው ሲያልፍ ደግሞ ምን ብዬ ልግባ? እያደረ እግሬ ከበደ። ዲሪርሳን መንገድ ላይ ሳየው ቦርሳዬ ውስጥ የሌለ ነገር እፈልጋለሁ። ሙት ዓመታቸው ዕለት ድንኳኑ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ይታይ ነበር፤ መጋረጃ ዘጋሁ። ተክሉ «ማን ሞተ?» ሲለኝ ሠርግ ነው አልኩት።

ዲሪርሳ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። ተክሉ «ምን አድርጌው ነው?» ይላል።

ለእሱ ብዬ ነው። ለእሱ ብዬ ነው ያደረግኩት።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ክረምቱ ገባ። ባጃጁ ሽቅቡ ላይ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤ እኔና ሹፌሩ ገፋን፤ ተክሉ «ልውረድላችሁ» እያለ። ሁለት ሰዓት ዘግይተን ደረስን፤ ማሽኑ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ግማሽ ሰዓት ቀንሰው ነው ያጠቡት።

ስንመለስ የተክሉ እህት አገኘችን። ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል አላት። እሱ ብቻ ይምጣ፣ ለሁለት አትበቃም እንጂ ለእሱ ፍራሽ አላጣም አለች፤ ይህን ስትል አራተኛ ጊዜዋ ነው። ተክሉ እንደ ሁልጊዜው ሳቀና «ያለ ሐኒ መድኃኒቴን እንኳ አላውቀውም» አላት።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ዛሬ ያደረግኩትን አልጽፍም ብዬ ነበር።

ጃራ አንዲት ገዢ አመጣ፤ ሴትዮዋ ከውጭ የመጣች ናት፣ ቸኩላለች፣ ብሩም አላት። ዋጋውን ከመጀመሪያው በጣም አውርደነዋል። ተክሉ በረንዳ ላይ ካለ የኦቦ ኢተፋ ወሬ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ንፋስ አለ፣ ትኩሳትህ ይነሳል ብዬ ወደ ኋላ ክፍል አስገብቼ አስተኛሁት፤ በሩን ዘጋሁ። ለመሬቱ ጥያቄ ራሴ መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ ሻጩ አርፈዋል፣ ልጃቸው ምስክር ነው እላለሁ። እውነት ነው እኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ ከአፌ ያልወጣው እውነት ለገዢ ሊወጣ ነው።

ሴትዮዋ ሳሎኑን ወደደችው። ልክ ስለ ካርታው ልትጠይቀኝ ስትል ከኋላ «ሐኒ፣ እንግዳ መጣ እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ። ማን ነው አለች። እንዴት እንደሆነ እኔንጃ፤ «ተከራይ ነው» አልኳት።

ፊቷ ወዲያው ተቀየረ። ተከራይ ያለበት ቤት አልገዛም፣ ማስወጣቱ ክርክር ነው፣ አንዴ ተቃጥያለሁ አለች። እስኪ አሁን ምን ይባላል? ጃራ አየኝ። መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም።

ለተክሉ በሩን ከፈትኩለት። የሰማ አይመስለኝም። ጆሮው ይደክማል።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

እግሩ አብጧል። ጫማ እምቢ አለ። በነጠላ ጫማ፣ በዝናብ። ሐኪሙ ቤቱ ምን ደረሰ አለኝ። ሊሸጥ ነው አልኩት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ሄድኩ።

ብርሃነሽ እጄን ይዛ ነው ያስገባችኝ፤ ብትለቀኝ እመለስ ነበር። ወፍጮው ቆሞ ነበር። የዲሪርሳ ሚስት ፌኔት ወንበር ሰጥታኝ ወደ ውስጥ ገባች። ዲሪርሳ በር ላይ ቆመ፤ ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። ስለ ቤቱ መሰለኝ የጀመርኩት፤ ገዢዎቹን ለምን ታባርርብኛለህ አይነት። እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ። ለቅሶ ለመድረስ ሄጄ በቤት ሽያጭ ጀመርኩ።

እሱ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አላባረርኳቸውም እትዬ ሐና» አለኝ። «አባትህ ሱሉልታ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። መቃብሩን አሳየኋቸው።»

ያን ጊዜ ነው የፈረስኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሆስፒታሉን፣ ሱሉልታን፣ ሠርግ ነው ያልኩትን። እሱ ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የሰማው። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ጋሽ ተክሉ እስካሁን አያውቁም? አያውቅም አልኩት። ፊቱን ወደ ወፍጮው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ዱቄቱ ይረግፍ ነበር። እሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አባቴ «ልጄ» ያለው ሰው ለቀብሩ አልመጣም ብሎ ቂም ይዞበት ኖሯል። በታመመ ሰው ላይ።

እሑድ ከሽማግሌዎች ጋር ሊመጣ ተነጋገርን። ሐኪሙን በስልክ ጠይቄዋለሁ፤ ከእጥበቱ ማግስት ይሁን ብሏል።

ስወጣ ፌኔት ጃንጥላ አቀበለችኝ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ወገግ ሳይል መጡ፤ ዲሪርሳ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ብርሃነሽ፣ ከኋላ ደግሞ ግማሽ ሰፈር። ተክሉ ነቅቶ ነበር። ዲሪርሳን ሲያይ ብድግ ሊል ሞከረ። «አካም ቡልተን! ዛሬ ከየት ፀሐይ ወጣ? አባኮ መጡ እንዴ ከሱሉልታ?»

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ተክሉ እነሱን አየ፣ የብርሃነሽን ጥቁር ነጠላ አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«መቼ?» አለ።

«ጥቅምት» አለው ዲሪርሳ።

«የትኛው ጥቅምት?»

ይህን ጥያቄ ማንም አላሰበውም ነበር። ዲሪርሳ ወደ እኔ ዞረ። ብርሃነሽ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ነኝ ዓመቱን የተናገርኩት። ተክሉ በበሩ ውስጥ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አየ፤ የዳቦ ቤቱን ልጅ ሳይቀር። «ሁላችሁም?» አለ። ከዚያ ነው ያለቀሰው፤ ድምፅ አውጥቶ፣ እንደ ትኩስ ሐዘን። ሰውም አብሮት አለቀሰ። ለእኔ እንኳ ዛሬ የሞቱ መሰለኝ።

እኔ ጋ እስኪደርስ ጠበቅኩ። አላየኝም።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ፍራሽ መሬት ላይ አስነጥፎ ተቀምጧል። ሦስት ቀን እቀመጣለሁ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ከቤት አይወጣም አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለብርሃነሽ። እጥበቱስ? አልኩት። ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እግሩን ሰበሰበ። ያበጠውን እግር።

ዲሪርሳ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ጎኑ ተንበርክኮ በጆሮው በኦሮምኛ ብዙ ነገረው። የገባኝ «አባኮ» የሚለው ብቻ ነው። ተክሉ ተነሳ። ዲሪርሳ አዝሎ አወረደው። ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ስንሄድ ከኋላ ነበርን።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ዲሪርሳ የመጣ ገዢ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ፣ መሬቱ ንጹሕ ነው ብዬ በጽሑፍ እሰጣለሁ አለኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረን? ለመኪያ ደወልኩላት፤ በሌላ ስልክ። አነሳች። አፌ እየተሳሰረ አስረዳኋት፤ ባለቤቴ አያውቅም ነበር፣ መርዶ ተደብቆበት ነው፣ አጭበርባሪዎች አይደለንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ጨዋ ልጅ ናት።

ከዚያ ሰበታ ላይ ገዝተናል አለችኝ፤ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። እንኳን ደስ አላችሁ አልኩ። ልትዘጋ ስትል ቀስ ብላ ጨመረች። «ቤቱን ወደነው ነበር እኮ እትዬ። ያላመንነው እናንተን ነው።»

ጃራ ክረምት ላይ ማንም አይገዛም፣ ለጥቅምት እንየው ይላል። ጥቅምት።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ተክሉ ዛሬ ወደ እህቱ ሄደ። ዲሪርሳ መኪና ለምኖ ወሰደው። መድኃኒቱን ለየብቻ በፌስታል አሰርኩ፤ የጠዋቱን፣ የማታውን፣ ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ፤ በትልልቁ ጻፍኩበት። ቤቱን አንቺ ሽጪ፣ እኔ ፊርማ ሲያስፈልግ እመጣለሁ አለኝ። ከመርዶው እሑድ ወዲህ ሐኒ ብሎኝ አያውቅም። ሐና ይለኛል፤ ቀበሌ ውስጥ ስም እንደሚጠራ ሰው።

መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ። ጠጋ አልኩ። ሊመርቀኝ ወይ ሊረግመኝ ነው ብዬ።

«የእኔንስ መርዶ ከማን ትደብቂው ይሆን?» አለኝ።

መኪናው ሄደ። ነጠላ ጫማው በር ላይ ቀርቷል፤ ሮጬ ላደርስ ነበር፤ ቁልቁለቱ አዳለጠኝ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

በዚህ ሳምንት ሁለት ሰው ቤቱን አየ። ነጩ ቀለም ከታች ጀምሮ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል፤ ክረምቱ ሁሉንም አጋለጠው። አንደኛው በጣቱ ፋቀው፣ አሸተተው፣ አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። ሌላኛው ካርታውንም አልጠየቀ።

ተክሉ ስልክ አያነሳልኝም። እህቱ ታነሳና ተኝቷል ትለኛለች፤ በቀን ስንት ጊዜ ይተኛል ሰው? ልሄድ ስል ደግሞ ትንሽ ይረጋጋ፣ አትምጪ ብሏል ትላለች። ስለ እሱ የምሰማው ከዲሪርሳ ነው። ሁለት ዓመት ዞሬ የሸሸሁት ሰው አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሊጠይቀው ሄዶ ሲመለስ ደጄ ቆሞ ይነግረኛል። ደህና ናቸው ይላል። የእግራቸው እብጠትም ጎደለ ይላል። በፍጥነት ነው የሚለው፣ ዓይኑን ጭቃው ላይ አድርጎ።

ያን «ደህና» አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ግን ዲሪርሳ እንደ እኔ አይደለም። የሚዋሽ ልጅ አይደለም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ዲሪርሳ ዛሬ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ነገ ተክሉ ባይፈቅድልኝም ሄጄ አየዋለሁ ብዬ ልብሴን አዘጋጅቼ ነበር።

ምሽት ላይ ብርሃነሽ መጣች፤ ራት ይዛ። ካልበላሽ አልሄድም ብላ እንደ ልጅ አጎረሰችኝ። ወሬ የላትም፤ ብርሃነሽ ወሬ አጣች! ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ ብላ ወሰደችው፤ እኔ ቤት መብራት አለ ብላትም። ከዚያ ዛሬ እዚሁ አድራለሁ አለች፤ ቤቷ ያፈሳልና ነው። ነገ ልሄድ ነው ስላት «ነገ ጠዋት የትም እንዳትሄጂ» አለችኝ። ለምን አልኳት። ሰው ይመጣል አለች።

ቤት የሚያይ ሰው ይሆናል። ጃራ አንድ ሰው አለኝ ሲል ሰንብቷል። በማለዳ የሚመጣ ከሆነ ቸኩሏል ማለት ነው፤ የቸኮለ ገዢ ደግሞ ጥሩ ነው፣ አይከራከርም። አሁን ብርሃነሽ በር ላይ ከሰው ጋር በሹክሹክታ ታወራለች፤ ከዕድሩ ወንበር የሚያመጡ ይመስለኛል፣ ሲጋጭ ሰማሁት። ለአንድ ገዢ ምን ያህል ወንበር ያስፈልጋል? አልጠየቅኳትም።

በረንዳው ላይ ዝናብ ገብቶ ነበር። ጠርጌ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ጆንያ አንጥፌበታለሁ። የሚመጣው ሰው እንዳያዳልጠው።